ክረምት ሳይገባ፤ የአምባ ጊዮርጊስ ጣራና የጥበቃው ልማድ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በኮሶዬ ሸንተረር በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው፥ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ፥ የወገራ ደጋ በስተ ግራም በስተ ቀኝም ገብሱንና ስንዴውን ዘርግቶ ሲቀበለው፥ በዚያ ሜዳ ላይ የወረዳው መቀመጫ የሆነችውን አምባ ጊዮርጊስን ያገኛል። ስሟን ከሰማዕቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ የወሰደችው ይህች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች፥ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይወርድባታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጉሙ ጎረቤት ከጎረቤት እስከማይተያይ ድረስ ተኝቶባት ይውላል፤ ዝናቡም ብዙ ጊዜ በረዶ ቀላቅሎ ይመጣል። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው ቤት ሊመለከት በሄደ ጊዜ፥ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ከማሳረፉ አስቀድሞ ወደ ክዳኑ ቢያቀና አያስደንቅም፤ ግድግዳ ቢጎድል በጭቃ ይሞላል፥ ክዳን ከጎደለ ግን እህሉም መጽሐፉም ሕፃኑም በአንድ ሌሊት ይረጥባል።

የሰማዕቱ ዓመታዊ በዓል ሚያዝያ 23 ቀን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል ዘመነ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ስለ ሆነ፥ ከበዓሉ እስከ ክረምቱ መግቢያ ያለው ጊዜ 63 ቀን ብቻ ነው። በልጅነቴ የበዓሉ ጠላ ጋኑ ውስጥ ገና ሳያልቅ፥ አባወራው ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በቤቱ ዙሪያ ቀስ ብሎ ሲዞርና ወደ ላይ ሲመለከት አይ ነበር። ያን ጊዜ የሚያየው ምን እንደ ሆነ አይገባኝም ነበር፤ ዛሬ ግን፥ ያ ዝምተኛ ዙረት ከግንብ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያለው የአገራችን ልማድ መሆኑን ስለ ተረዳሁ፥ ታሪኩን በዚህ ጽሑፍ ልተርክ አሰብሁ። ልናገር የምሻውም ነገር አንድ ነው፤ ጣራን የሚያቆየው የተሠራበት ዕቃ ብቻ ሳይሆን፥ በየዓመቱ የሚወጣበት ሰውና ከታች ቆሞ መሰላሉን የሚይዝለት ጎረቤት ነው።

ስለ ጣራ ክብር ለመናገር ከቃሉ መጀመር ይገባል። በግዕዝ ጣራ ናሕስ ይባላል፤ ጠፈርም ይባላል። ጠፈር ግን እግዚአብሔር በሁለተኛው ቀን ውኃን ከውኃ የለየበት የሰማይ ስም ደግሞ ነው፤ ስለዚህ ሊቃውንቱ ከራሳቸው በላይ ያለውን እንጨትና ከዓለም በላይ ያለውን ሰማይ በአንድ ቃል ጠርተዋቸዋል። በአማርኛችንም ሰው ትዳር ሲመሠርት ጎጆ ወጣ ወይም ጎጆ ቀለሰ እንላለን፤ መቀለስ ማለት ቀጥ ያለውን እንጨት አጉብጦ ከራስ በላይ ማገናኘት ነውና፥ በሕዝባችን አነጋገር ቤተሰብ የሚጀምረው ከመሠረቱ ሳይሆን ከጣራው ነው። በኦሪት ዘዳግም 22ኛው ምዕራፍ ደግሞ አዲስ ቤት የሠራ ሰው፥ ሌላው ከላይ ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፥ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ከዚህም ከጣራ የሚወድቅ ሰው ነገር የወደቀው ሰው ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የባለ ቤቱ ዕዳ መሆኑን እንማራለን።

የወገራ ገበሬ ጥንታዊ ቤት ክብ ሆኖ፥ በመካከሉ ምሰሶ ቆሞለት፥ ከምሰሶው ራስ ወደ ግድግዳው የሚወርዱ ወጋግራዎች እንደ ዣንጥላ ዘንግ የተዘረጉለት፥ ወጋግራዎቹም በዙሪያ በሚሄድ ማገር የተያያዙለት ነው። ሚስማር በማይታወቅበት ዘመን ይህን ሁሉ የሚያስረው ከዛፍ ቅርፊት የተላጠ ልጥ ነበር፤ ልጡ እርጥብ ሳለ ይታሰርና ሲደርቅ እየጠበቀ ስለሚሄድ፥ ቤቱ በዕድሜው መጀመሪያ ላይ እየጸና ይሄዳል። እንጨቱ ከጥድ፥ ከወይራና በብርዱ አገር ከሚበቅለው ከአስታ ይቆረጣል። ክዳኑ ደግሞ እንደ አገሩ ከፍታ ይለያያል፤ ዝቅ ባለው ወይና ደጋ ሰንበሌጥ፥ ከፍ ባለው ብርዳማ ምድር ጓሳ፥ ሣሩ በታጣበት ቦታ የስንዴ አገዳ ይከደናል። ሣሩ ከታች ከክፈፉ ተጀምሮ፥ ላይኛው ረድፍ የታችኛውን እያለበሰ ወደ ላይ ይወጣና በጉልላቱ ይታሰራል። ጣራው የሚሾለውም ለማማር ብቻ አይደለም፤ ሣር ውኃን የሚያሳልፈው ውኃው ሲተኛበት ነውና፥ ቁልቁለቱ የበረታ ክዳን ጠብታውን ከሣር ወደ ሣር እያቀበለ፥ ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ጊዜ ሳይሰጠው፥ ከክፈፉ ላይ ይጥለዋል። ክፈፉም ከግድግዳው አልፎ በሰፊው የሚወጣው ነፋስ እያዳፋ የሚያመጣው ወጨፎ ጭቃውን እንዳይበላው ነው።

ይህ ሣር እንደ ሜዳ አረም በማንም እጅ የሚነቀል ርካሽ ነገር ተደርጎ አይታሰብም ነበር። የሰሜን ሸዋን የመንዝን ነገር ለምስክርነት ብንጠራ፥ በዚያ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የጌራና የአስቦ ተወላጆች ቄሮ በሚባል ሥርዓት የጓሳውን ምድር በጋራ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ በመረጡት አለቃ አማካይነት ሜዳውን ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ዘግተው፥ ሣሩ ለክዳንና ለገመድ ሲደርስ በአንድነት ያጭዱት ነበር። ሥርዓቱ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ጸንቶ ቆይቷል። የመንዝ ሰው ለዚህ ሁሉ ሕግ የበቃው፥ ጣራው ያለ ጓሳ፥ ጓሳውም ያለ ትዕግሥት እንደማይገኝ ስላወቀ ነው፤ በቤቱ ራስ ላይ የሚያርፈውን ክዳን አምስት ዓመት ቀድሞ በሜዳው ላይ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው። ጓሳ በበቀለበት ደጋ ሁሉ፥ በሰሜን ተራሮችም ጭምር፥ ይህ ሣር የቤትና የገመድ አባት ሆኖ ኖሯል።

ክዳን የሚከደንበት ቀን የአንድ ሰው ቀን አልነበረም። ባለ ቤቱ ሣሩን በበጋው አጭዶ፥ በነዶ በነዶ አስሮና አድርቆ ከከመረ በኋላ፥ ጎረቤቱንና ዘመዱን በደቦ ይጠራል፤ እመቤቲቱም ጠላውንና ዳቦውን ቀድማ ታሰናዳለች። ከዚያ በኋላ ሥራው በራሱ ሥርዓት ይሰፈራል፤ እጀ ብልሁና ልምድ ያለው ላይ ይወጣል፤ ሁለተኛው ከመሰላሉ መካከል ሆኖ ነዶውን ይቀበላል፤ ወጣቶቹ ከምድር ይወረውራሉ፤ አንዱ አረጋዊም ራቅ ብሎ ቆሞ፥ ላይ ያለው ሰው ሊያየው የማይችለውን የክዳኑን መዛባት በዓይኑ እየለካ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይለዋል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሰው ሁሉ ተገንዝቦት ይሁን ሳይገነዘበው፥ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ጥበብ ተሰውሮ ነበር፤ ይኸውም ጣራ ላይ ብቻውን የሚወጣ ሰው አለመኖሩ ነው። የወጣውን የሚያይ ዓይን፥ መሰላሉን የሚይዝ እጅ፥ ቢያዳልጠው የሚጮኽለት አፍ ምን ጊዜም ከታች ነበረ። ቤተ ክርስቲያን ስትከደንማ አጥቢያው በሙሉ ሸክም ሸክም ሣሩን ይዞ ስለሚመጣ፥ ቅኔ ማኅሌቱን፥ ቅድስቱንና መቅደሱን በአንድነት የሚያለብሰው ያ ሰፊ ጣራ የምእመናን ሁሉ እጅ ያረፈበት ይሆናል።

የሣር ክዳን ትልቁ ጠባቂው ከውስጡ የሚወጣው ጭስ ነው። ምድጃው በቤቱ ወለል ላይ ስለ ነበረ፥ ጭሱ በምሰሶው በኩል ወደ ላይ ወጥቶ በሣሩ ውስጥ እየተጣራ ሲያልፍ፥ ክዳኑን ያደርቀዋል፤ ነቀዙንና ምስጡን ያባርራል፤ ወጋግራውንም ጥቁር ቀለም አልብሶ እንደ ብረት ያጠነክረዋል። ሰው የማይኖርበት ጎጆ ፈጥኖ የሚፈርሰው ስለዚህ ነው፤ እሳት የጠፋበት ቤት ጣራው ይሻግታል። ነገር ግን ጠባቂው ራሱ ካልተጠበቀ ጠላት ይሆናል፤ ጭሱ የሚተወው ጥቀርሻ ከማገሩ ላይ እንደ ክር ተንጠልጥሎ፥ በምጣዱ ላይ ይወርዳል፤ ፍንጣሪ ሲያገኘውም እሳቱን ወደ ክዳኑ ይመራዋል። በመሆኑም ለዘመን መለወጫ፥ ለልደትና ለትንሣኤ ቤቱ ሲጠረግና ሲለቀለቅ፥ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ቅጠል ታስሮ ጥቀርሻው ከላይ ወደ ታች ይራገፋል፤ እህሉና ውኃው አስቀድሞ ይሸፈናል፤ ሴቲቱም ነጠላዋን በአፍና በአፍንጫዋ ላይ ታስራለች። ከጥላሸትም የሚገኘውን በረከት ጸሐፊዎቻችን አላጡትም፤ ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ጥላሸትን ከተቃጠለ እህልና ከሙጫ ጋር ወቅጠውና አቡክተው ነውና፥ በጎንደር አድባራት የተጻፉት ብራናዎች የጥቁረታቸውን ምንጭ ብንፈልግ መነሻው የእሳት ጢስ ሆኖ እናገኘዋለን።

የውጭው ክዳን ጽዳት ደግሞ ሌላ እጅ ይጠይቃል። ክረምት ካለፈ በኋላ በሣሩ ላይ ዝገት የመሰለ ሽበት ይበቅልበታል፤ ወፍ ያመጣው ዘርም ይጸድቅበታል፤ አንዳንድ ጊዜ በአገዳው ውስጥ የቀረ የገብስ ፍሬ ጣራው ላይ አቆጥቁጦ ይታያል። ይህን ሁሉ በመቧጠጥ ለማጥፋት የሚሞክር ሰው፥ ሽበቱን አጠፋሁ ሲል ሣሩን ይነቅላል። ዐዋቂው ግን ሣሩ በደረቀበት ቀን መሰላሉን ጋደም አድርጎ ክብደቱን በእንጨቱ ላይ እያሳረፈ፥ የበቀለውን ከሥሩ በጁ እየለቀመ፥ የተንሸራተተውን ነዶ ወደ ቦታው እየመለሰ፥ የሳሳውን በአዲስ ሣር እየጠቀጠቀ ይወርዳል። ከሁሉ የሚብሰው ጉልላቱ ነው፤ ውኃ በጉልላቱ ከገባ በምሰሶው ላይ ተንቆርቁሮ ይወርድና፥ የቤቱ ሁሉ ሸክም ያረፈበትን እንጨት ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ስለዚህም ያ የሚያዝያ ዙረት ዓይኑን ከሁሉ ይልቅ የሚተክለው በጫፉ ላይ ነበር።

ገበሬው በሣሩ ሲኖር ነገሥታቱ ሌላ ጣራ ፈለጉ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን በእንፍራዝ አጠገብ የጉዛራን ግንብ አሠሩ፤ በወገራም አይባን መቀመጫ አደረጉ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የኖራ ጥበብ በጎርጎራና በደንቀዝ ሲሠራበት፥ ድንጋይን ከድንጋይ በጭቃ ሳይሆን በነጭ ማጣበቂያ ማጋባት ተለመደ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁሩ፥ 32 ሜትር ያህል የሚረዝመውን ግንባቸውን በአራት ማዕዘኑ ክብ ክብ ሰገነት አቁመውለት፥ ጣራውን ግን እንደ ገበሬው ጎጆ ሳያሾሉ ሰው የሚቆምበት ሜዳ አደረጉት፤ ንጉሡም ከዚያ ላይ ሆነው ለሕዝባቸው ይናገሩ እንደ ነበር ይተረካል። በዙሪያውም በኦሪቱ ትእዛዝ የተነገረውን የመሰለ መከታ ቆሞለት ይታያል። የግንቦቹ ግንበኞችና አናጢዎች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ኖራ አቃጥለው፥ አንጥፈው፥ ደልድለው፥ ውኃው የሚወርድበትን ስልት አሳምረው የሠሩ የእነርሱ እጆች በታሪክ መጽሐፍ ብዙ ስም ባያገኙም፥ ሥራቸው እስከ ዛሬ ስለ እነርሱ ይናገራል።

ሆኖም ከግንቡ አጥር ውጭ ያለችው ጎንደር የሣር ከተማ ነበረች። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ወደ ከተማዪቱ በገባ ጊዜ፥ በሰላም ዘመን ወደ አሥር ሺሕ የሚሆን ቤተሰብ የሚኖርባት መሆኗን፥ ቤቶቿ የጭቃ፥ ክዳናቸውም ሾጣጣ የሣር መሆኑን መዝግቦ፥ ይህ አሠራር የዝናም አገር ሁሉ ልማድ መሆኑን አስተውሏል። የሣር ከተማ ግን ለእሳት የተጋለጠች ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማዪቱን ሲያስመዘብሩና ሲያቃጥሉ፥ ደርቡሾችም በ1880 ዓ.ም. ገብተው አድባራቱን ሲያነዱ፥ ነበልባሉ ከክዳን ወደ ክዳን እየዘለለ ዘመናት ያከማቹትን በጥቂት ቀናት አመድ አደረገው። ከዚያ መዓት ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ ንቦች ወጥተው ጠላቱን እንዳባረሩለት ሕዝቡ እስከ ዛሬ ያወጋል። ታላቁ ኢያሱ የመሠረቱት ይህ ደብር፥ በላይ በሣር ክዳን፥ በታች በጠፈሩ ላይ በረድፍ በተሣሉት የኪሩቤል ገጾች የታወቀ ነው። እነዚያ ክንፍ ያላቸው ገጾች ቁልቁል ሲመለከቱ፥ በእነርሱና በክረምቱ መካከል ያለው ሣርና እንጨት ብቻ ነው፤ ከዚያ ሣር አንዱ ነዶ ሳይታይ ቢንሸራተት፥ ውኃው መጀመሪያ የሚያርፈው በመልአክ ፊት ላይ ነው። ክዳንን መጠበቅ ሥዕልን መጠበቅ፥ ሥዕልን መጠበቅም ሃይማኖትን መጠበቅ መሆኑ ከዚህ በላይ የሚታይበት ቦታ አላውቅም።

ድንጋይ ስለ ሆነ አይጠበቅም የሚባል ጣራ ምን እንደሚደርስበት ደግሞ ግንቦቹ ራሳቸው አስተምረውናል። የዐፄ ኢያሱ ግንብ የመሬት መንቀጥቀጥና የጦርነት ቦምብ ካደረሱበት ጉዳት በኋላ ዛሬ ጣራ አልባ ሆኖ ቆሟል፤ ያጌጠበት ሁሉ ለዝናም ተሰጥቷል። ጣራቸው በቀረላቸው ላይም ቢሆን፥ ወፍ የጣለችው የሾላ ዘር በኖራው ስንጥቅ ውስጥ በቅሎ፥ መጀመሪያ እንደ ጸጉር የቀጠነ ሥሩን ይሰድዳል፤ ካልተነቀለም ከዓመታት በኋላ ድንጋይን ከድንጋይ ይፈለቅቃል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጥገና የገባው ሲሚንቶም መድኃኒት መስሎ ሳለ ለግንቡ ባዕድ ሆነበት፤ ኖራ እርጥበቱን ሲያስተነፍስ ሲሚንቶው ስለሚያፍነው፥ በኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ በተደረገው ጥገና ያ ሥራ እየተነሣ በኖራ ተተካ። ፋሲል ግቢና አብረውት ያሉት ቅርሶች በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገቡ፥ የዓለም ዓይን በግንቡ ውበት ላይ ቢያርፍም፥ ግንቡን ለመዝገብ ያበቃው ጣራው ላይ ወጥቶ ቡቃያውን በጁ የነቀለ ስም የለሽ ሠራተኛ ጭምር ነው።

ሦስተኛው ጣራ ቆርቆሮ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን መግባት የጀመረው ይህ ዕቃ፥ ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ በመናገሻዪቱ ተስፋፋ፤ በአህያና በበቅሎ ጀርባ ገደል ወጥቶ ሩቅ መሄድ ግን አይመቸውም ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን የያዘው የጣሊያን ሠራዊት ከአስመራ በሊማሊሞ ገደል ላይ የመኪና መንገድ ሲቀድ፥ መንገዱ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል አለፈ። በወልቅፊት የነበረው የጠላት ጦር በመስከረም፥ የጎንደሩ ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ከሰጠ በኋላ፥ ጠላት ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ በመንገዱም ላይ ከጨውና ከጨርቅ ጋር ቆርቆሮ ተጭኖ መምጣቱን ቀጠለ። ባሕር ዛፍም በበኩሉ ቀጥ ያለ ረጅም እንጨት ስላበረከተ፥ ክቡ ጎጆ ቀስ በቀስ ለአራት ማዕዘኑ ቤት ቦታውን ለቀቀ፤ ልጥ በሚስማር፥ ወጋግራ በሞራሌ ተተካ። ሞራሌ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያን አፍ የቀረ መሆኑን ስናስብ፥ ጣራችን የዘመኑን ታሪክ በስሙ ተሸክሞ እንደሚኖር እናያለን።

ቆርቆሮ ያመጣውን በጎ ነገር መካድ ኃጢአት ይሆናል። እሳት እንደ ሣሩ ፈጥኖ አይበላውም፤ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ሣር አይጠይቅም፤ ከላዩ የሚወርደው ውኃ ከሣሩ ይልቅ ንጹሕ ስለ ሆነ በአሸንዳ ተቀብሎ ለማጠራቀም ይመቻል። በ1940ዎቹ ዓመታት በጎንደር የተቋቋመው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ለገጠሩ ጤና መኰንኖችንና የጽዳት ባለሙያዎችን ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ፥ ክዳኑን ያኖረው የነበረው ጭስ የእናቶችን ዓይንና የሕፃናትን ሳንባ የሚጎዳ መሆኑ በግልጽ ተነግሯል፤ መስኮትና የጭስ መውጫ ያለው ቤት መሥራትም ተገቢ ሆነ። በወገራ ውርጭ ግን ቆርቆሮ እንደ ሣሩ አያሞቅም፤ በረዶ ሲወርድበትም በቤቱ ውስጥ ቃል ከቃል አያሰማም። ይህ ሁሉ ቀላል ነው፤ ከባዱ ጉዳት ሌላ ነው። ቆርቆሮ ሲመጣ ሣሩ ብቻ ሳይሆን ደቦውም ቀረ። አንድ አናጢ ከአንድ ረዳት ጋር በሁለት ቀን የሚጨርሰው ጣራ ጎረቤት አይጠራም፤ ጠላም አያስጠምቅም፤ ባለ ቤቱም ብረት ነው ብሎ ስለሚተማመን የሚያዝያውን ዙረት ተወው።

ብረት ግን እንደ ሣሩ ሁሉ ጠላት አለው። ከዝገት የሚጠብቀው በላዩ የተለበጠው ስስ ዚንክ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል በቆርቆሮው መጋጠሚያ ላይ ተከማችቶ ሲረጥብ፥ የወፍ ኩስና አፈርም ሲጨመርበት፥ ልባጡ ይበላና ዝገቱ ከሚስማሩ ቀዳዳ ጀምሮ ይሰፋል። አሸንዳው በቅጠል ሲታፈን ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይገባል፤ ጭቃውም ከላይ እየራሰ ይናዳል፤ ኮርኒሱም ቢጫ እየሆነ ይጎብጣል። ባለ ቤቱ ይህን የሚያየው ሐምሌ ላይ ጠብታው በአልጋው ላይ ሲወድቅ ነው፤ ያን ጊዜም ደንግጦ በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ ብቻውን ይወጣል። በጎረቤታችን የነበረ አንድ ደግ ሰው እንዲህ ባለ የክረምት ማታ ወጥቶ ሲወድቅ፥ ድምፁን የሰማነው ዘግይተን ነበር፤ ነፍሱ ብትተርፍም ዳግመኛ በእግሩ አላረሰም። ከእርሱ ቤት ፊት ለፊት ያለው ሽማግሌ ሲያዝን የተናገረው በልቤ ቀርቷል፤ በሣሩ ዘመን ቢሆን መሰላሉን እኔ እይዝለት ነበር አለ።

ስለዚህ ከሣሩ ዘመን ወደ ቆርቆሮው ዘመን ሊሻገር የሚገባው ነገር ሥርዓቱ ነው። ጣራ የሚጠረገው ክረምት ሳይገባ፥ ደረቅና ነፋስ የሌለበት ቀን ተመርጦ፥ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ነው። መሰላሉ በጠንካራ መሬት ላይ ቆሞ፥ ራሱ ከክፈፉ በላይ ሁለት ክንድ ያህል አልፎ፥ በገመድ ታስሮ፥ እግሩን ሌላ ሰው ይዞት ይወጣበታል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት በኩልም መሰላል አይቆምም። የሚወጣው ሰው ሰውነቱን በሚታመን ገመድ አስሮ፥ ገመዱን በጣራው ማዶ ከጠንካራ ምሰሶ ወይም ከዛፍ ግንድ ጋር ያያይዘዋል፤ የማያዳልጥ ጫማ ያደርጋል፤ ሲራመድም ሞራሌው ከሥሩ ያለበትን የሚስማሩን ረድፍ ይከተላል፤ በረድፉ መካከል ያለው ቆርቆሮ የሰው ክብደት አይችልምና። ከላይ ወደ ታች በለስላሳ መጥረጊያ ይጠርጋል እንጂ በአካፋና በብረት አይፍቅም፤ ብረቱ ቅጠሉን ሲያነሣ ልባጡንም ያነሣዋልና። አሸንዳውን ከመሰላሉ ሳይንጠራራ፥ መሰላሉን እያዛወረ በጁ ይለቅማል። የላላውን ሚስማር ያጠብቃል፤ የዛገውን ቦታ አጽድቶ ቀለም ይቀባል፤ በጣራው ላይ የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍም ከምድር ሆኖ ያስቆርጣል። ውኃ የሚያጠራቅም ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ዝናም ሳይቀበል ጣራውን እንዲያጥብለት ይተወዋል። ከነዚህ ነገሮች መካከል ቆርቆሮውና ሽቦው ያመጡትን ብንተው፥ ዋናውን ሥርዓት አባቶቻችን በሣሩ ላይ ሲሠሩት ኖረዋል።

ክዳንና ኪዳን በአማርኛ ጆሮ የሚቀራረቡ ቃላት ናቸው። ሥርወ ቃላቸው ግን አይገናኝም፤ ክዳን ከደነ ካለው፥ ኪዳንም ተካየደ ካለው ግሥ የወጣ ነው። ቃሉን በሰዋስው ለይቶ ያስቀመጠው ሊቅ ትክክል ነው፤ የወገራ ገበሬ ኑሮ ግን ሁለቱን በግብር አገናኝቷቸው ነበር። ክዳኑ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር በየዓመቱ የሚያድሰው ኪዳን ነበረና፤ ዛሬ እኔ በአንተ ጣራ፥ ነገ አንተ በእኔ ጣራ እያሉ ይተሳሰቡበት ነበር። ሣሩ ሊቀር ይችላል፤ ጭሱም በመቅረቱ እናቶቻችን ያርፋሉ። ዘንድሮም ሚያዝያ 23 ቀን በአምባ ጊዮርጊስ የሰማዕቱ በዓል ይከበራል፤ ከዚያ በኋላ 63 ቀን ይቀራል። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ማለዳ፥ የቆርቆሮ ቤት ያለው አባወራ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቤቱን ይዙር፤ ዓይኑን ወደ ላይ ያንሣ፤ መሰላሉንም ከጓዳ ባወጣ ጊዜ፥ ከመውጣቱ በፊት ወደ ጎረቤቱ ደጅ ሄዶ በስሙ ይጥራው።